ባዶ ባልዲ እና እትዬ መዝገብ

በከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር፣ መስኮቱ ከእግረኛ መንገዱ እኩል የሆነ አንድ ክፍል አለ። በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች አንዲት ሴት ነበረች። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሌላው ሁሉ፣ ከበሩ ጥበቃ ጀምሮ፣ «እትዬ መዝገብ» ነበር የሚላት።

ሥራዋ መጻፍ ነው። የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን የውሃ ፈረቃ እንዳለው፣ ቧንቧ የት እንደፈነዳ፣ ማን እንደጠገነው፣ በስንት ቀኑ እንደተጠገነ፣ ሁሉንም በትልልቅ መዝገቦች ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ታሰፍራለች። ጽሕፈቷ እንደተለቀመ ምስር ጥርት ያለ ነው። መሐንዲሶቹ የጠፋባቸውን ፍለጋ ሲወርዱ ገና በሩ ላይ ሳሉ «የየትኛው ዓመት ነው?» ትላቸዋለች፤ መልሱን ሳይጨርሱ መዝገቡን ከመደርደሪያው መዝዛ ጠረጴዛው ላይ ዱብ ታደርገዋለች።

ይህን ሁሉ እያወቀች ግን ከቢሮው ውጪ ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሚመሩት በአንድ ደንብ ብቻ ነበር፤ «ዝም አይነቅዝም»። ባለጉዳይ መጥቶ «ቧንቧችን መቼ ነው የሚሠራው?» ሲል፣ ቀኑ መዝገቡ ላይ ተጽፎ እያለ እንኳ፣ የሚሰጠው መልስ «ይጠብቁ» ነበር።

አዲሷ ሥራ አስኪያጅ የመጣችው በክረምቱ መግቢያ ነው። ገና ወጣት ናት፤ ከእትዬ መዝገብ የመጀመሪያ ልጅ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። በመጀመሪያው ሳምንቷ ደረጃውን ወርዳ ክፍሉ ውስጥ ገባችና ግድግዳውን የሸፈኑትን መዝገቦች ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«እትዬ፣ እነዚህ ሁሉ ምንድን ናቸው?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ናቸው።»

«ማን ያነባቸዋል?»

«እኔ።»

«ከእርስዎ ሌላስ?»

እትዬ መዝገብ ትንሽ አሰበች። «አይጥ» አለች።

ሥራ አስኪያጇ ሳቀች፤ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። የመጣችበትን ነገር እስክትጨርስ ድረስም አልተነሳችም። ፈረቃውና የጥገናው ዝርዝር ሁሉ በጽሕፈት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይውጣ የሚል ነበር ሐሳቧ። ማንም ሰው ሳያስፈቅድ ይየው፣ የፈለገ ወደ ራሱ ስልክ ይገልብጠው፣ ከሥሩም አስተያየቱን ይጻፍ፤ አስተያየቱም በዚያው፣ በሰው ሁሉ ፊት ይመለስለት።

«ውሃው የሕዝቡ ነው» አለች። «ስለ ውሃው የተጻፈውስ የማን ሊሆን ነው?»

«ስህተት ቢኖርበትስ?»

«አይተው ይነግሩናላ።»

«እሱማ ይነግሩናል» አለች እትዬ መዝገብ። «አነጋገራቸውን ነው የፈራሁት።»

አራት ወር ፈጀ። እትዬ መዝገብ በሁለት ጣት መተየብ ተማረች፤ መጀመሪያ አንድ መስመር ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅባት ነበር፤ በኋላ ግን የኮምፒውተር ባለሙያው ራሱ ሰንጠረዥ ሲበላሽበት እሷን መጥራት ጀመረ። በአንድ ሰኞ ጠዋት ሥራው ለሕዝብ ተለቀቀ። እስከ ምሳ ሰዓት ስድሳ አንድ አስተያየት ገብቶ ነበር።

«ወረቀቱ ላይ ውሃ አለ፤ ቧንቧው ላይ የለም» ይላል አንዱ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ይላል ሌላው።

«ሰንጠረዡ በጣም ያምራል። ፍሬም አስገብተን ሳሎን እንስቀለው ወይስ እንጠጣው?»

«ውሃ ስትሉ የትኛውን ነው? ያንን ልጅ ሆነን እናውቀው የነበረውን?»

እትዬ መዝገብ ፊቷ ተለዋውጦ ደረጃውን ወጣች። «ይኸው ተሰደብን! አሁኑኑ ይውረድ!»

ሥራ አስኪያጇ ግን ረጋ ብላ ጠየቀቻት። «ከስድሳ አንዱ ስንቱ ስድብ ነው፣ ስንቱ መረጃ ነው?»

ይህ ጥያቄ ለመዝገብ ሰው የተጠየቀ ነውና እንቢ ሊባል አልቻለም። ተመልሳ ወርዳ ወረቀት ላይ መስመር አሰመረች፤ በግራ «ስድብ»፣ በቀኝ «ነገር» ብላ ጻፈች። ቆጥራ ስትጨርስ በስድብ ዓምድ ሥር የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። አርባ ሁለቱ፣ ምንም እንኳ አፋቸው ቢመርም፣ ሰፈር አላቸው፣ ቀን አላቸው፣ የጎደለ ነገር አላቸው። አንዳንዱማ እየተሳደበ የቤት ቁጥሩን ሁሉ ጽፏል።

በዚያው ቀን መመለስ ጀመረች። እያንዳንዱን መልስ የምትጀምረው «እትዬ መዝገብ ነኝ፣ ከመዝገብ ክፍል» ብላ ነበር። አንድ ሰው «እውነት ሰው ነሽ ወይስ ማሽን ነው የሚመልስልን?» ብሎ ጠየቃት። «ማሽን ብሆንማ ወገቤን ባላመመኝ» ብላ መለሰች። ይህቺ መልስ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈች ከተማውን ዞረችው፤ በማግስቱ ሰው የቧንቧውን ነገር ከመጠየቁ በፊት ወገቧን መጠየቅ ጀመረ።

ባዶ ባልዲ ብቅ ያለው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ራሱን የሚጠራው እንደዚያ ነበር፤ ፎቶው ቦታ ላይም የተገለበጠ ባልዲ አለ። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«በሰንጠረዣችሁ መሠረት ዳገት ሰፈር ማክሰኞና ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ያገኛል። ይህ ስድስት ሰዓት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ውሃው አራት ሰዓት ከሃያ ላይ መጣ፤ አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ሄደ። ይህ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ የተጻፈውና የሆነው እኩል አይደሉም። ሊረጋገጥ የተፈለገውም ይኸው ነበር። በተጨማሪ፣ ዓርብ የሚጻፈው በዓይኑ ‹ዐ› እንጂ በአልፋው ‹አ› አይደለም።»

እትዬ መዝገብ ስለ ውሃው ደነገጠች፤ ስለ ዓርብ ግን ነደደች። በጽሕፈቷ የመጣባት ሰው አልነበረም። «ውሃውን አጣራለሁ። ዓርብን አርሜያለሁ» ብላ ብቻ መለሰችለት።

ሰውየው ግን የሚለቅ አልሆነም። በየማክሰኞውና በየዓርቡ፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ መጣ ይላል፣ ሄደ ይላል፣ ከዚያም አንድ የፊደል ግድፈት ይለቅማል። እሷም ቅሬታውን ወደ ቧንቧ ክፍሉ ፎርማን ትወስደዋለች። ፎርማኑ ከወጣትነቱ ጀምሮ በቦይ ውስጥ የኖረ፣ ድምፁ ከቦይ ውስጥም ሆኖ የሚሰማ ሰው ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እትዬ፣ ዳገት እኮ ነው! ውሃ ዳገት ሲወጣ ይደክመዋል። እኔም ይደክመኛል።»

ቤቷ ስትገባ ብሶቷን የምትነግረው ለባሏ ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ ማታ ማታ ሳሎን ተቀምጦ ቅምቅማት ይሠራል።

«ይሄ ባዶ ባልዲ የሚሉት ሰውዬ! አንድ ቀን ብቻ ባገኘው! ሚስትም ያለው አይመስለኝም፤ ቢኖረው ሰዓት ሲቆጥር ባልዋለ!»

ባሏ ሳል ያዘው። መልስ ግን አልሰጠም፤ አፉ ውስጥ ሦስት ስፒል ነበር።

በእሑዱ ባልና ሚስት እንደ ልማዳቸው ወደ አማቷ ቤት ወጡ። አማቷ ጡረታ የወጡ የጂኦሜትሪ መምህር ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ዳገት ሰፈር ጫፍ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሴት ልጃቸው ታብሌት ገዝታላቸው ነበር፤ «ምን ያደርግልኛል» እያሉ ተቀብለው ከዚያ ወዲህ ከእጃቸው አልጠፋም። እትዬ መዝገብና ባሏ የሚኖሩት ታች ድልድይ ሰፈር ነው፤ እዚያ ውሃ ብርቅ አይደለም። አማቷ ዘንድም ጎድሎ አይታ አታውቅም። በመጣች ቁጥር ጆጉ ሙሉ ነው፤ መታጠቢያው ላይ ያለው ባልዲም ሙሉ ነው። ስለዚህም ነበር የባዶ ባልዲን ነገር በሙሉ ልቧ ያላመነችው።

ምሳ ተበልቶ አባትና ልጅ ስለ አንድ ጠረጴዛ ተከራከሩ። ጠረጴዛው በጓዳው በር ይገባል አይገባም ነው ነገሩ። እሷ ደግሞ ፎጣ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች። መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ አሥራ አንድ ጀሪካን ተደርድሮ አገኘች። ሰባቱ ሙሉ፣ አራቱ ባዶ። ከጎናቸው የተገለበጠ ባልዲ አለ፤ ባልዲው ላይ ደግሞ ባለ ካሬ ደብተር። ደብተሩን ገለጠችው። «ማክሰኞ፣ መጣ 4፡20፣ ሄደ 5፡05።»

በዚያው ቅጽበት ከሳሎን የአማቷ ድምፅ መጣ። «በሩ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር፣ ጠረጴዛው ሰማንያ አራት፤ ስለዚህ አይገባም። ሊረጋገጥ የተፈለገውም ይኸው ነበር!»

ደብተሩን ይዛ ወጣች።

«አባባ፣ ባዶ ባልዲ እርስዎ ነዎት?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። «ልጄ፣ ጥያቄሽ የቀረበው ለማን ነው? ለአማትሽ ነው ወይስ ለውሃ ደንበኛው?»

«ለሁለቱም!»

«አማትሽ ስለ ነገሩ የሚያውቀው የለም። ደንበኛው ግን ያምናል፤ እኔ ነኝ።»

«ምነው አባባ! በየእሑዱ እኮ እመጣለሁ! አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ነው አይሉኝም?»

«እንዴት ብዬ ልበልሽ? ቤቴ ድረስ መጥተሽ፣ ገበታ ቀርበሽ፣ ‹ውሃሽ አይመጣም› ልበልሽ? መተዳደሪያሽ ነው፤ ይሉኝታ ያዘኝ። እዚያ ድረ ገጹ ላይ ግን እኔም ባልዲ ነኝ፣ አንቺም ጽሕፈት ቤት ነሽ። እንደ ልብ ያነጋግራል።»

ወደ ባሏ ዞረች። «አንተም ታውቅ ነበር?»

«አፌ ውስጥ ስፒል ነበር» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሦስቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ ግን ሳቁ በረደና ዓይኗ ወደ መጋረጃው ሄደ። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሰው፣ እሷ እንዳታይባቸው ብለው፣ በየእሑዱ ዋዜማ ጆግና ባልዲ ሲሞሉ ኖረዋል።

«ማን ነው ውሃውን የሚያመጣልዎት?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«መንገዱ ላይ ፀጉር ቤት ያላት ሴት ናት በጋሪ የምትልክልኝ፤ ተማሪዬ ነበረች። ከእሷ ቤት በታች ውሃ ሞልቷል። ከእሷ ቤት በላይ የለም።»

«ከፀጉር ቤቷ በላይ? ልክ ከዚያ ጀምሮ?»

ሽማግሌውና ምራታቸው ተያዩ። መዝገብ ጸሐፊዋና የጂኦሜትሪ መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እኩል ገባቸው።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጇ ፈቀደችና ድረ ገጹ ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ያለው ቅጽ ወጣ። ከየት ነዎት? ውሃው መቼ መጣ? መቼ ሄደ? ስልክ ለሌለው ደግሞ ፀጉር ሠሪዋ ወረቀቱን መስተዋቷ ላይ ለጠፈችው፤ የሰፈሩ ሴቶች ፀጉራቸው እስኪደርቅ እየሞሉ ይሄዳሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ በሦስት ሳምንት ሦስት መቶ አሥራ ስምንት መስመር ተሰበሰበ። እትዬ መዝገብ ስም የጻፈ ካለ ስሙን እየሰረዘች፣ ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ እየተወች፣ በየቀኑ ለሁሉም ክፍት አደረገችው።

ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ዳገት ሰፈርን በዓይኗ አይታ የማታውቅ አንዲት የባንክ ሠራተኛ፣ የጠየቃትም ሳይኖር፣ ሰንጠረዡን ገልብጣ ባለ ቀለም ካርታ ሠርታ ላከች። «በምሳ ሰዓቴ የሠራሁት ነው፤ ቁጥር ደስ ይለኛል» ብላለች ከሥሩ። ካርታው ላይ ከታች ጀምሮ እስከ ፀጉር ቤቷ ድረስ ያሉት ነጥቦች ደማቅ ሰማያዊ ናቸው። ከፀጉር ቤቷ በላይ ያሉት ሁሉ ነጭ።

ፎርማኑን ጠርተው አሳዩት። «ኧረ በሕግ! ሰው ሁሉ መሐንዲስ ሆነ እኮ!» አለ። «ዳገት ነው አልኩ፤ ዳገት ነው።»

«ዳገቱ የሚጀምረው ፀጉር ቤቷ ጋ ነው?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«የለም፣ ከታች ከድልድዩ ነው የሚጀምረው…» ፎርማኑ ካርታውን ወደ ራሱ ሳበው። ውሃው በዳገቱ ቢደክም ኖሮ ቀስ በቀስ ነበር መቀነስ የነበረበት። ይሄ ግን በቢላ እንደተቆረጠ ነው። «እዚህ ጋ ቫልቭ አለ ማለት ነው» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ፤ ቫልቭ የሚሉት የዋናውን መስመር መክፈቻና መዝጊያ ነው። «ግን ካርታችን ላይ የለም። እኔ አላውቀውም።»

እትዬ መዝገብ ወደ ክፍሏ ወረደች። በዚያ መንገድ አስፋልት የተነጠፈበትን ዓመት ታውቃለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የዚያን ዓመት የጥገና ወረቀቶች አቃፊ አውርዳ አንድ በአንድ ገለጠች። ከምሳ በኋላ አገኘችው። ግማሽ ገጽ የማይሞላ ወረቀት ናት፦ «ለአስፋልት ሥራ ሲባል ቫልቩ በከፊል ተዘግቷል። ቦታው ከመብራት ምሰሶው በስተግራ አራት ሜትር ተኩል። ሥራው ሲያልቅ ይከፈት።»

ከሥሩ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ እንደተለቀመ ምስር ጥርት ባለ ጽሕፈት፣ አንድ ቃል ተጽፏል። «ተፈጽሟል።»

የራሷ እጅ ነው። እንዴት እንደሆነም ትዝ አላት። አስፋልቱ አልቆ ተመረቀ ሲባል፣ ሥራው አለቀ ብላ ፋይሉን ዘጋችው። ቫልቩን የከፈተ ሰው ግን አልነበረም፤ አስፋልቱ ከላዩ ተነጥፎበት ቀረ።

ወረቀቷን ይዛ ብዙ ተቀመጠች። ወደ አቃፊው ብትመልሳት የሚያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን በዓይኗ የሚመጡባት አሥራ አንዱ ጀሪካኖች ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ መሰሏት። ተነሥታ ደረጃውን ወጣች።

ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። «ቦታውን አገኘነው፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው» አለች። «የማን ስህተት እንደሆነ የጠየቀን የለም፣ እትዬ። ዝም ብለን እንክፈተውና…»

«ሰው ሲወቅሰን በአደባባይ ለጥፈነዋል፤ የራሳችንን ግን አቃፊ ውስጥ?» አለች እትዬ መዝገብ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እኔው ልጻፈው።»

ወጣቷ ሴት ወረቀቱን መለሰችላት። «እንግዲያው ይጻፉት» አለች። «ከሥሩ እኔም እፈርማለሁ።»

የጻፈችው አጭር ነበር። «እትዬ መዝገብ ነኝ። ዳገት ሰፈር አሥራ አንድ ዓመት ውሃ ያጣው ዳገት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ግማሹ የተዘጋ ቫልቭ አስፋልት ሥር ቀርቷል። ‹ተፈጽሟል› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልተፈጸመም ነበር። ወረቀቱ ይኸውና። በመጪው ዓርብ እንቆፍራለን። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ አያያዘችው፤ ኮምፒውተሩን አጠፋችና ማንንም ሳታይ ቤቷ ገባች።

ጠዋት ስትከፍተው መቶ አርባ ምናምን አስተያየት ነበር። ጥቂቱ የሚያቃጥል ነው፤ ይገባኛል ብላ አነበበችው። አንዱ ግን «ቢሮ ‹ተሳስቻለሁ› ሲል በዕድሜዬ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ በትክክል አንብቤው እንደሆነ ብዬ ለጎረቤቴ አሳየሁት» ብሏል። ሌላዋ «እትዬ፣ በዚህ ሐሳብ ወገብሽ እንዳይብስብሽ» ብላለች። ባዶ ባልዲ ደግሞ በመጨረሻ ነበር የጻፈው፦

«‹ተፈጽሟል› የሚለው ቃል የፊደል ግድፈት የለበትም። የጎደለው እውነቱ ብቻ ነው፤ እሱንም ዓርብ እንሞላዋለን። ወረቀቱን ደብቆ ያስቀረ ተማሪ አይታረምለትም። አንቺ አስረክበሻል።»

እትዬ መዝገብ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀጉር ቤቷ ፊት ለፊት ሰው ግጥም ብሏል። ፀጉራቸው በቢጉዲን እንደተጠቀለለ የወጡ ሴቶች ሁሉ አሉ። ፎርማኑና ሠራተኞቹ በወረቀቱ መሠረት ከመብራት ምሰሶው በስተግራ አራት ሜትር ተኩል ለክተው አስፋልቱን ቆረጡ፤ ቆፈሩ፤ አፈር ብቻ። አሰፉት፤ አሁንም አፈር። ፎርማኑ ላቡን ጠርጎ፣ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመው ወደሚያዩት ሽማግሌ ዞረ።

«እሺ መምህር፣ አሁንስ ምን ተረጋገጠ?»

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ጮኸች። «ቆይ፣ ቆይ! ምሰሶው እኮ ያኔ እዚህ አልነበረም! አስፋልቱ ሲሠራ ነው ያዛወሩት። እኔ በር ላይ ነበር፤ ደንበኞቼ ሁሉ እየተጋጩበት!»

ሽማግሌው ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡ። የድሮው ምሰሶ የነበረበትን እሷ በእግሯ አሳየች፤ እሳቸው ለኩ፤ ከዘራቸውን ተከሉ። «እዚህ» አሉ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አካፋው ብረት ነካና ቂው አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ተጠጋ። ፎርማኑ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ፤ ቫልቩ ላይ ትልቁን ቁልፍ አስገብቶ ከሁለት ሰዎች ጋር ተንጠለጠለበት። መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ከዚያ ተንቋቋ፤ ከዚያ ዞረ። አሥራ አራት ጊዜ አዞሩት። ከመሬት ሥር እንደ ረጅም ትንፋሽ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ወደ ላይ ሄደ።

«ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ ድንጋይ» አለ ፎርማኑ ጆሮውን ወደ መሬቱ አዘንብሎ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

ቀጥሎ የተሰማው ከዳገቱ ላይ ነው። አንዲት ሴት «መጣ!» ብላ ጮኸች። ከእሷ በላይ ሌላዋ «መጣ!» አለች። ጩኸቱ ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበለ ወደ ጫፉ ወጣ። ዓመታት ሙሉ ሰው ተስፋ ቆርጦ ክፍቱን የተወው ቧንቧ ሁሉ በአንድ ጊዜ መትፋት ጀመረ፤ አንዱ ግቢ ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንደገና ታጠበ።

እትዬ መዝገብ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። «አባባ፣ የእርስዎ ቧንቧ ተዘግቷል?»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። «ክፍት ነው» አሉ። «መምጣቱን እንዲነግረኝ ክፍቱን ነው የምተወው። በሩ ደግሞ ተቆልፏል፤ ቁልፉን እንኪ።»

ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ዳገቱን ሮጠች፤ ባሏ ከኋላዋ፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ ግማሹ ሰፈር። ስትደርስ ውሃው በበሩ ሥር እየወጣ ደረጃውን ይወርዳል። በሩን ሲከፍቱት አራቱ ባዶ ጀሪካኖች እንደ ዳክዬ ተከታትለው ሳሎን ውስጥ ሲንሳፈፉ አገኟቸው። ሽማግሌው በመጨረሻ ደርሰው ደፉ ላይ ቆሙ፤ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ውሃው ውስጥ ገቡና እንደ ልጅ ሁለት ጊዜ ረገጡት። ቤቱን ለማድረቅ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አሥራ አምስት ሰው ተሳተፈ፤ ሲጠርጉ የዋሉት ሁሉ እየሳቁ ነው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ባዶ ባልዲ እንደ ወትሮው ጻፈ። «መጣ፦ ሦስት ሰዓት ከሁለት። ሄደ፦ አልሄደም። የዘጋሁት እኔ ነኝ።» የፊደል ግድፈት ለማግኘት ሞክሮ እንደነበር፣ አንድም እንዳጣ፣ በዚህም ትንሽ ቅር እንዳለው ጨመረ።

ሁሉም ነገር ግን በአንድ ቫልቭ አልተፈታም። ዳገት ሰፈር ውሃ ሲያገኝ የድልድይ ሰፈር ሰዎች «የእኛ ግፊት ቀነሰ» ብለው መጡ፤ ከነዚያም አንዷ የእትዬ መዝገብ የገዛ ጎረቤት ናት። እሷም አዲስ ዓምድ ከፈተችና የሁለቱን ሰፈር ሰዓት ጎን ለጎን አወጣችው። ፎርማኑ ፈረቃውን በአንድ ሰዓት አሸጋሸገው፤ ቂሙም ያን ያህል አልሰፋም። እሱ ራሱ አሁን በየጠዋቱ አስተያየቱን ሳያነብ ወደ ቦይ አይወርድም፤ «የዛሬ መሐንዲሶቼ ምን አሉ?» እያለ ነው የሚገባው።

አንድ ሐሙስ ቀን አንዲት ሴት ከማታውቀው ሰፈር ጻፈችላት። «እትዬ፣ የእናንተ አለመሆኑን አውቃለሁ። የመንገድ መብራት ግን ማን ነው የሚጽፈው? የእኛ ከጠፋ ስምንት ወሩ ነው።»

እትዬ መዝገብ የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ነጠላ ጫማዋን በደኅናው ቀይራ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። እዚያ የመብራት መዝገብ የሚይዝ፣ ከእሷ እኩል የተቀጠረ፣ ከሰው ጋር ማውራት የማይወድ ጸሐፊ አለ። መዝገቦቹ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል።

«አንዴ ላያቸው ነበር» አለችው።

«ቁልፉ ጠፍቷል።»

«ውይ! እንፈልገዋ!» ብላ ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ ወገቧን ይዛ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። ወረቀት ማጠራቀሚያውን አነሣች፤ ወንበሩን ፈቀቅ አደረገች፤ ምንጣፉን ገለጠች። ሰውየው መጀመሪያ ቆሞ አያት። ከዚያ አፈረ። ከዚያ የኮቱን ኪስ ዳበስ ዳበስ አደረገ።

«እንዴ» አለ፣ «ለካ እዚህ ኖሯል።»

«አየህ!» አለች እትዬ መዝገብ አቧራዋን እያራገፈች ስትነሣ። «በል ክፈተው፤ ከየትኛው ዓመት እንጀምር?»